ዳዊት ደጋሚው ተጠራጣሪ
(በንፋስ መውጫ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዐይነት ክርስቲያን ነው። ይህ ሰው ማተቡን አልበጠሰም። ሁዳዴን ይጾማል፤ ካልጾመም ተደብቆ ይበላል። ወንድ ልጁን በ40፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል። ሲሞት ያለ ፍትሐት መቀበርን አይፈልግም። ነገር ግን ተአምሩ ተነቦ፣ ቅዳሴው አልቆ ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ «ይሄ ሁሉ እንዲያው እውነት ይሆን?» ይላል፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ እናንተም ዙሪያችሁን አትመልከቱ።

በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአማራ ክልል ነዋሪ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን መሆኑን መዝግቧል። ቆጣሪው «ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ከሚያስተምሩዎት ውስጥ የትኛውን ያምናሉ?» አላለም። ሊልም አይገባውም። ስለዚህ የዚህን ሰው ቁጥር ከየትም አናገኘውም። ታሪኩን ግን እናገኘዋለን፤ ያውም ከዚሁ ከጋይንት ሳንወጣ።

ቤተልሔምን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዝማሬና መዋሥዕት ያጠና ወደ ዙር አባ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ድጓ የዘለቀ ደብተራም ከየአገሩ ተነሥቶ ቤተልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ ሊቅነቱ ሙሉ አይሆንም ነበር። ከግራኝ ጦርነት የተረፈው ድጓ በዚያ ተገኘ የሚለውን ትውፊት ከልጅነታችሁ ስትሰሙት አድጋችኋል። ይህች የትምህርት ደብር በ19ኛው መቶ ዓመት አንድ ፈረንጅ መነኩሴ አስጠግታ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። (የፈረንጅ ነገር ሳወራ ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራዋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ሰውየው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይባላል። በ1814 ኢጣሊያ ውስጥ ተወለደ። በ1846 አባ ማስያስ የካፑቺን ሚስዮናውያንን ይዘው ወደ ምድራችን ሲመጡ አብሮ መጣ። ከዚያ ወደ በጌምድር ዘልቆ ቤተልሔም ተቀመጠ፤ እስከ 1855 ድረስም ኑሮው ጋይንት ነበር። ግእዝ ተማረ፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ፈረንሳይ አገር ለነበረው ለተመራማሪው ለአንቷን ዳባዲ መጻሕፍት ያስገለብጥ፣ ይገዛ፣ ይልክም ነበር። ለዳባዲ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያነበቡ ሊቃውንት እንደሚሉት ግን፣ ሰው ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት እንዲመልስ የተላከው ይህ መነኩሴ ለዚያ ሥራ ልቡ ቀዝቅዞ ነበር። መጽሐፍና ቋንቋ በለጡበት። ካባውን ለብሶ፣ በልቡ ግን ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር።

በ1852 ለዳባዲ በጻፈው ደብዳቤ አንድ እንግዳ መጽሐፍ ማግኘቱን ነገረው። በሚቀጥለው ዓመት በገዛ እጁ ገልብጦ ላከለት። መጽሐፉ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ነው። የመጽሐፉ ሁለት ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበዋል። በአንደኛው ውስጥ የዘርዐ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር የወልደ ሕይወት ሐተታ ተጨምሮበታል።

መጽሐፉ ምን ይላል? ባለታሪኩ በ1592 ዓ.ም. አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ቤት ይወለዳል። ቅኔ ይቀኛል፤ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ይማራል፤ ተመልሶም አክሱም ላይ ያስተምራል። ዘመኑ የዐፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ ለሁለት ተከፍሏል። መምህሩ መጽሐፍ ሲተረጉም «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፤ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ» እያለ የሁለቱንም ያቀርባል፤ እኛ መልካም ከሆንን ሁሉም መልካም ነው ይላል እንጂ ይህ ልክ፣ ያ ስሕተት አይልም። በዚህ ሁለቱም ወገን ጠሉት። ፈረንጆቹ ግብጻዊ ነው አሉት፤ ግብጻውያኑ ፈረንጅ ነው አሉት። በመጨረሻ አንድ ሰው ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

እዚያ ነው ሐሳቡ የፈላው። እግዚአብሔር አለ ወይ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አለ አለ፤ ምክንያቱንም አቀረበ። ሰዎች በእግዚአብሔር ስም የሚናገሩትን ግን አንድ በአንድ አነሣ። ምንኩስናን ተቸ። ረኀብን ሕግ ያደረገ ፈጣሪ አይደለም፤ በልክ መብላት ይበቃል አለ። በወር አበባዋ ምክንያት ሴትን ርኩስ የሚያደርገውን ሥርዐት ነቀፈ። ሰው ሰውን እንደ ከብት የሚሸጥበትን ሕግ አልተቀበለም። የክርስቲያኑን ብቻ ሳይሆን የአይሁዱንም የእስላሙንም መጽሐፍ በዚያው ሚዛን መዘነ። ሚዛኑ ፈጣሪ በሰው ውስጥ ያኖረው ልቡና ነው።

ይህን ሁሉ እያሰበ ታዲያ ዳዊቱን አልተወም። ይደግማል፤ ያለቅሳል፤ ይጸልያል። እኔን በዚህ መጽሐፍ የሚያስደንቀኝ ክርክሩ አይደለም፤ የሚመሳሰል ክርክር በአውሮፓም በዚያው ዘመን ሞልቷል፤ ዴካርት የታወቀውን ድርሳኑን ያሳተመው በ1637 ነው። የሚያስደንቀኝ ተጠራጣሪው ጠዋት ማታ ዳዊት መድገሙ ነው። መጻሕፍትን የጻፉ ሰዎች ሊዋሹ ይችላሉ እያለ የዳዊትን ቃል ለራሱ ጸሎት ያደርገዋል። በኋላም ዐፄ ፋሲል ሲነግሡ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ገባ። ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋና የዕለት እንጀራውን ያገኘው በምን ይመስላችኋል? ዳዊት እየጻፈ! የሀብቱን ልጆች አስተማረ። በቤቱ ከምታገለግለው ከኂሩት ጋር በተጫጩ ጊዜ ከእንግዲህ ገረዴ ሳትሆን ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። መልኳ ያን ያህል እንዳልነበር፣ ጠባይዋና ማስተዋሏ ግን መልካም እንደነበር ሳይደብቅ ጽፏል። (ሚስቱ ብታነበው ምን ትል እንደነበር እንጃ።)

ከዚያ በኋላ የሕይወቱን ዘዴ የሚናገርበት ክፍል ይመጣል። ከእንፍራንዝ ሰዎች ጋር ስኖር ክርስቲያን እመስላቸው ነበር ይላል፤ በልቤ ግን ሁሉን በፈጠረው በእግዚአብሔር እንጂ በሌላ አላመንኩም። ወዲያው ራሱን ይጠይቃል፤ ያልሆንኩትን መስዬ ሰውን ማታለሌ በፈጣሪ ፊት ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? መልሱ አጭር ነው። ሰዎች መታለል ይፈልጋሉ፤ እውነቱን ብነግራቸው ይሰድቡኛል፣ ያሳድዱኛል እንጂ አይሰሙኝም። ስለዚህ እንደ እነርሱ ሆኖ ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ፤ መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው? መጽሐፉን በ1904 በግእዝና በላቲን ያሳተመው ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን የኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ሥራ ነው ብሎ አምኖ ነበር። በ1920 ግን ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን ራሱ ጁስቶ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ምስክሩ አንድ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ካህን የተናገሩት ቃል ነበር። በዚያ ላይ ከጁስቶ ቅጂዎች በቀር የመጽሐፉ ሌላ ጥንታዊ ቅጂ በአገሩ አለመገኘቱ አስጠረጠረ። የመነኩሴው ዓለማዊ ስምም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር በ1970ዎቹ ብዙ ጥራዝ ጽፈው ለኢትዮጵያዊው ተከራከሩ። አለማየሁ ሞገስም በዚያው ወገን ቆሙ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ የኢጣሊያዊው ነው ይሉ የነበሩ ሲሆን በኋለኛው ዘመናቸው ሐሳባቸውን ቀየሩ። ፈረንሳዊቷ አናኢስ ዊዮን ደግሞ በ2013 ባወጣችው ጥናት የጁስቶን ደራሲነት መልሳ አጸናች። ነገሩ አልተቆረጠም።

እኔ ዳኛ ሆኜ አልፈርድም። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ጋርዶብናል። ደራሲው አክሱሜው ይሁን ኢጣሊያዊው፣ ሁለቱም የአንድ ዐይነት ሰው ናቸው። አንዱ እንፍራንዝ ላይ ነጠላውን አጣፍቶ የቆመ፣ አንዱ ቤተልሔም ላይ የካፑቺን ካባ የለበሰ፣ ሁለቱም በስም ክርስቲያን፣ በልብ ጠያቂ። ጽሑፉ የኢጣሊያዊው ከሆነ ጋይንት ውስጥ፣ ከጋይንት ሊቃውንት በተማረው ግእዝ ተጻፈ ማለት ነው። የአክሱሜው ከሆነ ደግሞ ከጥፋት የተረፈው በጋይንት በኩል ነው። በየትኛውም ፍርድ መጽሐፉ የእናንተን ደጅ ረግጧል።

ዘመኑንም ተመልከቱ። ሱስንዮስ ሃይማኖት ሲለውጡ ከዚህ በስተ ምሥራቅ ላስታ በመልክአ ክርስቶስ ተመርቶ ዐመፀ፤ በ1632 በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ካለቀ በኋላ ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ጁስቶ ቤተልሔም ሲቀመጥስ? ደብረ ታቦር ላይ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ነበሩ፤ የየጁ ቤት። ከእስልምና የመጣ ቤት ነውና ጠላቶቻቸው «ክርስትናቸው የአፍ ነው» እያሉ ያሟቸው ነበር። ካህናቱ ደግሞ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ በሚባሉ የትምህርት ወገኖች ተከፋፍለው ይወጋገዙ ነበር፤ ንጉሥ ሲለወጥ ወይም ጳጳስ ሲመጣ የትናንቱ ሊቅ የዛሬ መናፍቅ ይሆናል። በ1854 ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር አምባ ጫራ ላይ ጉባኤ አድርገው ተዋሕዶን አወጁ፤ በማግሥቱ ዓመት ጁስቶ ከጋይንት ወጣ፤ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። የካህናቱ ክርክር ግን በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. እስኪወሰን ድረስ አላለቀም።

እንግዲህ «የጥንቱ የአባቶች ትምህርት» ስንል የትኛውን ዓመት ማለታችን ነው? በጎንደርና በበጌምድር የጸጋ ትምህርት ብዙ ዘመን በየዐውደ ምሕረቱ ሲሰጥ ነበር። ያንን ሲማር ያደገ ቄስ በ1870 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ተነሥቶ ተጠራጣሪ ተባለ፤ እርሱ ግን ምንም አልተጠራጠረም፤ ያስተማሩትን ነው የያዘው። ይህን የምለው የዛሬውን ትምህርት ለማናጋት አይደለም። ተጠራጣሪን ከውጭ የመጣ፣ ነጭ የላከው፣ ሐሳብ የተሸጠለት አድርጎ ማየት ልማድ ስለሆነብን ነው። ዛሬ ደግሞ «ተሐድሶ» የሚባል ክስ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሳሹም ተከሳሹም ምን ማለት እንደሆነ ሳይስማሙ ይወጋገዙበታል። ጾም ከበደኝ ያለ ሁሉ ተሐድሶ አይደለም፤ ጾም የከበደው ነው።

ጥያቄውም እንደ ጠያቂው ይለያያል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዶግማና ቀኖና ብላ ትለያለች፤ ዶግማ አይለወጥም፣ ቀኖና ግን በሲኖዶስ ሊሻሻል ይችላል። ሥላሴና ሥጋዌ ዶግማ ናቸው። የጾም ቀን ብዛት ቀኖና ነው። አንድ ጻድቅ አንበሳ ላይ ተቀምጦ ሄደ የሚል ገድል ዶግማም ቀኖናም አይደለም። የ40ውን ተዝካር ለመደገስ በሬ ሸጦ ዕዳ መግባትማ ሰባክያን ራሳቸው የሚገሥጹት ልማድ ነው። ብዙው የእኛ ተጠራጣሪ የሚጠራጠረው ከዚህ ከኋለኛው ነው፤ ሳያውቅ ግን ሃይማኖቱን የካደ እየመሰለው ይሳቀቃል። ገድሉ ላይ አንድ ቁጥር አልታመን ስላለው ጸሎተ ሃይማኖቱን ጭምር አብሮ የጣለ ይመስለዋል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ክርክር ሳይሆን ልዩነቱን የሚነግረው መምህር ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ ግን የዚህ ዐይነቱ አይደለም። ስሙን ላቆነጅለት አልፈልግም። በዶግማ ሚዛን ከተመዘነ ክርስቲያን አልነበረም፤ ራሱም በልቤ አይደለሁም ብሏል። ብልሃቱን የሚወዱ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማልወደው ያንን አንቀጽ ነው። «ሰዎች መታለል ይፈልጋሉ» የሚል ሰው ጎረቤቱን ከራሱ በታች አድርጓል። ያው ልቡና ለሁሉ ተሰጥቷል ብሎ ካስተማረ በኋላ የእንፍራንዝ ገበሬ ልቡና የለውም ማለቱ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሃይማኖት ሰው ባስገደለበት ዘመን ነፍሱን ማዳኑ አያስነቅፍም። ፈራሁ ቢል ይበቃው ነበር።

በዚህ በኩል ሩሲያዊው ሌቭ ቶልስቶይ ተቃራኒው ነው። ጥርጣሬውን በአደባባይ ጻፈ፤ በ1901 የሩሲያ ኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ከቤተ ክርስቲያኒቱ አንድነት የወጣ መሆኑን አስታወቀ። እርሱም ቤተ ክርስቲያኒቱን መተዉን ሳይክድ፣ የተውኳት ጌታን ለማገልገል ነው ብሎ መለሰ፤ በ1910 ሲሞት ያለ ፍትሐት ተቀበረ።  ቶልስቶይ ግን ርስት ነበረው፤ ስሙ ዓለምን የሞላ ደራሲ ነበር። የስማዳ ገበሬ፣ የእስቴ ነጋዴ እንዲያ ልሁን ቢል ማን ይቀብረዋል? ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ አበልጁ፣ የልጁ ጋብቻ ሁሉ ከደብሩ ጋር የተሰፋ ነው። እኛ ዘንድ ክርስትና አስተያየት ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ነው፣ መቃብር ነው። ለዚህም ነው በደርግ ጊዜ የተገላቢጦሹን ያየነው። ቀን በስብሰባ ሃይማኖት የለኝም የሚለው የኢሠፓ አባል ልጁን ወደ አያቱ ልኮ በድብቅ ክርስትና ያስነሣ ነበር። እርሱስ የቱ ነው የዋሸው፣ ቀኑ ወይስ ሌሊቱ?

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ተጠራጣሪን አታውቀውም ማለት አይቻልም። ከትንሣኤ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ቶማስ ይባላል። ካላየሁ አላምንም ያለው ሐዋርያ ከዐሥራ አንዱ አልተባረረም፤ ከስምንት ቀን በኋላም ከእነርሱ ጋር እንደነበር ወንጌል ይነግረናል። ያ ሳምንት ለኔ ከመዳሰሱ ይበልጣል። ሌሎቹ አይተናል እያሉ፣ እርሱ አላመንኩም እያለ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ዋሉ አደሩ።

ወደ እኛ ኑሮ ስንመጣ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ዐዋቂው ምእመን አብዛኛው አይቆርብም። በሕፃንነቱ ይቆርባል፤ ጎልማሳ ሲሆን ይተዋል፤ ሲሸመግል፣ ሲመነኩስ ወይም በቁርባን ሲጋባ ይመለሳል። ምክንያቱ ክህደት አይደለም፤ አይገባኝም የሚል ፍርሃት ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ኃጢአተኛ ነኝ ባይ መካከል አላመንኩም ባዩም ተሰልፎ ይቆማል፤ ማንም አይለየውም። አልቆረብክም ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ጎረቤቱም አልቆረበም። ዘርዐ ያዕቆብ ለመደበቅ ዋሻ አስፈለገው፤ የዛሬው ሰው የደብሩ ቅጽር ይበቃዋል።

የነፍስ አባትም አለው። አባ በዓመት በዓል ይመጣሉ፤ ቤቱን ጸበል ይረጫሉ፤ እንጀራው ይቀርባል፤ ጠላው ይቀዳል። የሚጠየቀው ስለ ጾም፣ ስለ ስእለት፣ ከሚስት ጋር ስለ መጣላት ነው። «ልጄ፣ ለመሆኑ ታምናለህ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። አባም አይነቀፉም፤ እርሳቸውን ዜማና ቅዳሴ ያስተማራቸው ጉባኤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ወንበር አልዘረጋም። መጻሕፍት ቤት የዋለ፣ አንድምታ የሰማ ካህን ይሻላል፤ አንድን ጥቅስ በሦስት በአራት መንገድ ሲፈታ የኖረ ሰው ጥያቄ አያስደነግጠውም። እንዲህ ያለ መምህር ግን ለየገጠሩ አይደርስም።

ስለዚህ ከአዳራሹ አንድ ሰው ነገ «አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝም?» ቢል፣ አባቶቼ፣ በዚህ ስብሰባ ላላችሁት ነው የምናገረው፣ ከመገሠጻችሁ በፊት የጠረጠረው ገድሉን ይሁን ቀኖናውን ወይስ ፈጣሪውን ለዩለት። ሦስቱ አንድ መድኃኒት የላቸውም።

መጠየቅን ካነሣሁ፣ ሐተታው እንዴት ተጻፈ ለሚለው መጽሐፉ ራሱ መልስ ይሰጣል። ዘርዐ ያዕቆብ 68 ዓመቱ ነበር። እንፍራንዝ ከገባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጅ አሳድጓል፣ ሀብት አፍርቷል፣ ዳዊት ጽፎ ሸጧል። ለአንድም ሰው በጽሑፍ አልነገረም። ወልደ ሕይወት፣ የሀብቱ ልጅ፣ ተማሪው፣ ጠየቀው፤ ያን ጊዜ ጻፈ።